ከአንድ ክሪስታል ለብዙ ቺፖች፦ የክሎክ ጀነሬተርና የባፈር ቺፕ አመራረጥ፣ አገጣጠምና አለካክ

ጎንደር በአታ የአቋቋም ትምህርት ምስክር ቤት ናት። በከተማችን አብያተ ክርስቲያናት የሚቆመውን ማኅሌት፣ ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና የሊቃውንቱን ድምፅ በየራሳቸው ማይክሮፎን ለይቶ የሚቀርጽ መሣሪያ መሥራት ለእኔ የቆየ ምኞት ነበር። የመጀመሪያውን ቦርድ ስሠራ ለአራት ማይክሮፎኖች ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚለውጡ አራት ቺፖች ተጠቀምሁ፤ ለእያንዳንዱ መለወጫም የራሱን 12.288 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር (ቺፑ የሚሠራበትን ቋሚ የኤሌክትሪክ ምት የሚያወጣ ክፍል) አጠገቡ ገጠምሁለት። ቅጂው ሲጀምር ሁሉም ልክ ነበር። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ያው የከበሮ ምት በአንዱ ቅጂ ላይ ከሌላው ቀድሞ ይሰማ ጀመር።

ምክንያቱ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችል ነበር። የኦሲሌተሮቹ ትክክለኛነት ±30 ፒፒኤም ነው ሲባል በእያንዳንዱ ሚሊዮን ምት እስከ 30 ምት ሊፈጥኑ ወይም ሊዘገዩ ይችላሉ ማለት ነው። አንዱ በ30 ቢፈጥንና ሌላው በ30 ቢዘገይ በመካከላቸው 60 ፒፒኤም ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህም በ3,600 ሰከንድ ውስጥ 0.216 ሰከንድ ይሆናል። ስድስት ሰዓት በሚቆይ ማኅሌት ላይ ልዩነቱ ወደ 1.3 ሰከንድ ይጠጋል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ማንም ባለሙያ በኋላ አስተካክሎ ሊያጣምረው ቢሞክር ብዙ ይደክማል። መፍትሔው አራቱንም ቺፖች ከአንድ ምንጭ በሚወጣ ምት ማንቀሳቀስ ነው፤ ይህ መመሪያም ያንን ምንጭ እንዴት እንደሚመርጡ፣ እንደሚያሰሉ፣ እንደሚገጥሙና እንደሚለኩ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌው የድምፅ መቅረጫ ይሁን እንጂ ስሌቱና አሠራሩ ለማንኛውም ብዙ ቺፕ ላለው ቦርድ ያገለግላል።

በቅድሚያ ሁለቱን ቺፖች መለየት ያስፈልጋል። ክሎክ የሚባለው ቺፖቹን የሚያንቀሳቅሰው ምት ነው። ክሎክ ጀነሬተር ከአንድ ክሪስታል (በቋሚ ድግግሞሽ ከሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ቁራጭ) ተነሥቶ የተለያዩ ድግግሞሾችን የሚፈጥር ነው፤ በውስጡ ያለው ፒኤልኤል የክሪስታሉን ድግግሞሽ አባዝቶ ወደ መቶዎች ሜጋኸርዝ ያወጣዋል፣ ከዚያም አካፋዮቹ ያንን ከፍተኛ ድግግሞሽ ወደሚፈለገው ልክ ያወርዱታል። ባፈር ግን ምንም አዲስ ድግግሞሽ አይፈጥርም። የገባለትን አንድ ምት ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ቅጽበት በብዙ መውጫዎች ያከፋፍላል። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ጀነሬተሩን በጥንቃቄ ከመረጡ በኋላ አንዱን መውጫ ቅርንጫፍ አውጥተው ለአራት ተቀባይ ያካፍሉታል፤ የቦርዱ ችግርም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከተቀባዮቹ መጀመር

የንድፉ ሥራ የሚጀመረው ከጀነሬተሩ ዳታሺት (አምራቹ ከሚያወጣው የቺፑ ዝርዝር መግለጫ) ሳይሆን ምቱን ከሚቀበሉት ቺፖች ዳታሺት ነው። ለእያንዳንዱ ተቀባይ አምስት ነገር ይመዝግቡ፤ የሚፈልገውን ድግግሞሽ፣ የሚቀበለውን የቮልቴጅ ደረጃ፣ የሚፈቅደውን ስሕተት በፒፒኤም፣ የሚታገሠውን ጂተር፣ እንዲሁም ከሌሎቹ ተቀባዮች ጋር በአንድ ቅጽበት መመታት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን።

በእኛ ቦርድ ላይ አራቱ የድምፅ መለወጫዎች 12.288 ሜጋኸርዝ ይፈልጋሉ፤ ይህ ቁጥር 48 ኪሎኸርዝ በ256 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ቅጂውን በኔትወርክ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው የኢተርኔት ቺፕና ማይክሮኮንትሮለሩ አርኤምአይአይ በተባለው መስመር የሚነጋገሩ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት 50 ሜጋኸርዝ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚፈቀደው ስሕተትም ±50 ፒፒኤም ነው። ሦስተኛ 10 ሜጋኸርዝ መውጫ ደግሞ ለመለኪያ ብቻ አስቀምጫለሁ፤ ጥቅሙ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ይታያል። የሁሉም የቮልቴጅ ደረጃ 3.3 ቮልት ነው።

ጂተርን በጥሞና ማየት ይገባል። ጂተር ማለት የምቱ ጠርዝ ሊመጣበት ከሚገባው ቅጽበት ጥቂት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መንቀጥቀጡ ነው። ድምፅን ወደ ዲጂታል በሚለውጥ ቺፕ ላይ ይህ መንቀጥቀጥ ወደ ሁካታ ይለወጣል፤ የሚደረስበት የድምፅና የሁካታ ንጽጽርም 2 ሲባዛ በፓይ፣ በድምፁ ድግግሞሽና በጂተሩ መጠን ከተባዛ በኋላ ሎጋሪዝሙ ተወስዶ በአሉታዊ 20 ሲባዛ ይገኛል። ለ20 ኪሎኸርዝ ድምፅ 100 ፒኮሰከንድ ጂተር ቢኖር ውጤቱ 98 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ይህም አንድ ፍጹም የሆነ 16 ቢት መለወጫ ሊደርስበት ከሚችለው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ቦርዱ 16 ቢት ጥራት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ተራ ጀነሬተር ይበቃዋል። ከ110 ዴሲቤል በላይ የሚያልም ግን የድምፁን ምት ዝቅተኛ ጂተር ካለው ራሱን ከቻለ ኦሲሌተር ወስዶ በባፈር ቢያከፋፍል እመክራለሁ።

ለፒሲአይ ኤክስፕረስ (በኮምፒውተር ውስጥ ካርዶች ለሚገናኙበት ፈጣን መስመር) የሚያገለግል 100 ሜጋኸርዝ ምት የሚያስፈልግበት ቦርድ ከዚህ መመሪያ ምሳሌ ይወጣል፤ ምልክቱ በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች የሚሄድ ስለሆነ ለዚያ የተሠራ ጀነሬተርና ባፈር ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ቺፖቹን መምረጥ

ለጀነሬተርነት ኤስአይ5351ኤ የተባለውን መርጫለሁ። ይህ ቺፕ የሲሊከን ላብስ ሥራ ሲሆን የምርት መስመሩ በ2021 ወደ ስካይወርክስ ተላልፏል። ባለ10 ፒኑ ዓይነት ሦስት መውጫ፣ ሁለት ፒኤልኤል፣ ለ25 ወይም ለ27 ሜጋኸርዝ ክሪስታል የሚሆን መግቢያ አለው፤ እስከ 200 ሜጋኸርዝም ያወጣል። አይ ስኩዌር ሲ በተባለው ባለሁለት ሽቦ የመነጋገሪያ መስመር ይታዘዛል። በአነስተኛ ሞጁል ላይ ተገጥሞም ስለሚሸጥ ቦርዱን ከማሳተም በፊት በሽቦ አገናኝቶ መሞከር ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አስመጥቶ ለሚሠራ የጎንደር ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የተሳሳተ ቺፕ ለመተካት ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላልና።

ለባፈርነት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሲዲሲኤልቪሲ1104 ለአራቱ መለወጫዎች፣ ሁለት መውጫ ያለው ወንድሙ ሲዲሲኤልቪሲ1102 ደግሞ ለ50 ሜጋኸርዙ ይበቃሉ። እነዚህ በ3.3 ቮልት እስከ 250 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሲሆን በመውጫዎቻቸው መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት፣ ማለትም ስኪው፣ ከ50 ፒኮሰከንድ አይበልጥም።

ስኪው ምን እንደሆነ ለማስረዳት የጥምቀትን ዕለት ማሰብ ይበቃል። በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ከከበሮው አጠገብ የቆመውና 34 ሜትር ርቆ የቆመው ሰው እኩል አያጨበጭቡም፤ ድምፁ ያንን ርቀት ለመጓዝ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታልና የሩቁ ሰው እጅ ያንኑ ያህል ይዘገያል። ከበሮ መቺው አልተሳሳተም፣ አጨብጫቢውም አልተሳሳተም፤ መንገዱ ነው የረዘመው። በፒሲቢ (በታተመው ቦርድ) ላይ ምልክቱ በአንድ ናኖሰከንድ በግምት 15 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ባፈሩ የሚፈቅደው 50 ፒኮሰከንድ ከ7.5 ሚሊሜትር የመስመር ርዝመት ጋር እኩል ነው፤ በመስመሮቹ ርዝመት ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት የፈቀደ ነዳፊ ጥሩ ባፈር በመግዛቱ ያገኘውን ጥቅም በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ከተራ የሎጂክ ቺፖች፣ ለምሳሌ ከ74ኤችሲ04፣ በሮቹን እንደ ባፈር መጠቀም የተለመደ ነው። ለአንድ ተቀባይ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። በበሮቹ መካከል ያለው የመዘግየት ልዩነት ግን በዳታሺቱ ስላልተገደበ፣ ተቀባዮቹ በአንድ ቅጽበት እንዲመቱ ለሚፈለግበት ሥራ አልጠቀምበትም።

ሌላው ዓይነት መዘግየት አልባ ባፈር የሚባለው ነው፤ የሳይፕረስ፣ አሁን የኢንፊኒየን የሆነው፣ ሲዋይ2305 ምሳሌ ነው። በውስጡ ፒኤልኤል ስላለው መውጫው ከመግቢያው ጋር በአንድ ቅጽበት እንዲነሣ ያደርጋል። ይህ የሚያስፈልገው ከባፈሩ በፊት ያለው ምትና ከባፈሩ በኋላ ያለው ምት እርስ በርስ መገናኘት ሲኖርባቸው ነው። በእኛ ቦርድ ላይ የሚነጋገሩት ሁሉ ከባፈሩ በኋላ ስለሆኑ አያስፈልግም። ፒኤልኤልን ከፒኤልኤል በኋላ መደርደር የመጀመሪያውን ጂተር በሁለተኛው እንዲጎላ ሊያደርግ ስለሚችል ያለ በቂ ምክንያት አይደርድሩ።

ደረጃ 3፦ ስሌቱ

የኤስአይ5351ኤ ፒኤልኤል ከ600 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ መሥራት አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያ ለሚፈለገው መውጫ ሙሉ ቁጥር፣ በተለይም ተጋማሽ ሙሉ ቁጥር፣ የሆነ አካፋይ ይፈልጉና ውጤቱ በዚህ ክልል ውስጥ መውደቁን ያረጋግጡ። መውጫው በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ጂተሩ ያንሳል፤ ክፍልፋይ ማስገባት ግድ ከሆነ ክፍልፋዩ በፒኤልኤሉ ማባዣ ላይ ይሁን።

ለ12.288 ሜጋኸርዝ 60ን አካፋይ ብናደርግ ፒኤልኤሉ 737.28 ሜጋኸርዝ መሆን አለበት። ይህ በ25 ሲካፈል 29.4912 ይሆናል፤ ማለትም 29 ሙሉ ከ307 ሲካፈል በ625። ክፍልፋዩ ፍጹም ልክ ስለሆነ ምንም የማጠጋጋት ስሕተት የለውም። ይህንን ለፒኤልኤል ኤ እንሰጠዋለን።

50 እና 10 ሜጋኸርዝ ከዚህ ይቀላሉ። ፒኤልኤል ቢ 25ን በ32 አባዝቶ 800 ሜጋኸርዝ ካደረገ፣ በ16 ሲካፈል 50፣ በ80 ሲካፈል 10 ይሰጣል። ማባዣውም አካፋዮቹም ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ከሁለቱ ፒኤልኤሎች የትኛው ለየትኛው ድግግሞሽ ቤተሰብ እንደሚሆን መወሰን የስሌቱ ዋና ጥበብ ነው፤ ሁለቱን የማይዛመዱ ድግግሞሾች በአንድ ፒኤልኤል ላይ ማሰር ከአካፋዮቹ አንዱን ወደ ክፍልፋይ ይገፋዋል።

ቺፑ እነዚህን ቁጥሮች በቀጥታ አይቀበልም፤ ፒ1፣ ፒ2 እና ፒ3 ወደተባሉ ሦስት ቁጥሮች ይለወጣሉ። ሙሉ ቁጥሩን ኤ፣ የክፍልፋዩን ላይኛ ቢ፣ ታችኛውን ሲ ብንላቸው፣ ፒ3 ራሱ ሲ ነው። ፒ1ን ለማግኘት ኤን በ128 ያባዙ፣ የ128 በቢ ብዜት ለሲ ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ይደምሩ፣ 512 ይቀንሱ። ፒ2 ደግሞ በዚያው ማካፈል ላይ የሚተርፈው ቀሪ ነው።

ለፒኤልኤል ኤ እንሥራው። 128 በ307 ሲባዛ 39,296 ነው። ለ625 ሲካፈል 62 ደርሶ 546 ይተርፋል። ስለዚህ ፒ1 ማለት 3,712 ሲደመር 62 ሲቀነስ 512፣ እርሱም 3,262 ነው፤ ፒ2 546፣ ፒ3 625 ይሆናሉ። ክፍልፋይ ለሌላቸው ፒ2 ዜሮ፣ ፒ3 አንድ ነው፤ ለ60 ፒ1 7,168፣ ለ32 ፒ1 3,584፣ ለ16 ፒ1 1,536፣ ለ80 ፒ1 9,728 ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ቦርዱን መንደፍ

ክሪስታሉን ከጀነሬተሩ መግቢያ ፒኖች በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ያስቀምጡ፤ ከበታቹም ሌላ ምልክት አያሳልፉ። ኤስአይ5351ኤ 6፣ 8 ወይም 10 ፒኮፋራድ የሚሆን ካፓሲተር በውስጡ ስላለው፣ ለ10 ፒኮፋራድ የተሠራ 25 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ከገዙ በውጭ ምንም ካፓሲተር አይጨምሩም። ለ18 ፒኮፋራድ የተሠራ ክሪስታል ብቻ ከተገኘና ካፓሲተር ሳይጨመርለት ከተገጠመ ከተጻፈበት ድግግሞሽ ፈጥኖ ይሠራል፤ ሥራ አያቆምም፣ ስለዚህም ስሕተቱ ሳይታወቅ ይቆያል።

ለእያንዳንዱ የኃይል ፒን 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከፒኑ አጠገብ ይግጠሙ፤ የካፓሲተሩ ሌላ ጫፍ ወዲያውኑ በቪያ (የቦርዱን ንጣፎች በሚያገናኝ ቀዳዳ) ወደ ግራውንድ ይውረድ። የጀነሬተሩን ኃይል ከማይክሮኮንትሮለሩ ኃይል በፌራይት ቢድ (ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ረብሻ በሚያግድ ክፍል) መለየትና ከቢዱ በኋላ 1 ወይም ከዚያ በላይ ማይክሮፋራድ መጨመር ጂተሩን ለመቀነስ ከሁሉ ርካሹ መንገድ ነው።

ስለ መስመሮቹ ደግሞ ይህን ይጠብቁ። ምልክቱ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ለመነሣት አንድ ናኖሰከንድ የሚፈጅበት ከሆነ ከ2.5 ሴንቲሜትር የሚረዝም መስመር ሁሉ እንደ ተራ ሽቦ ሊታይ አይችልም፤ ምልክቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ የተመለሰውም ከሚመጣው ጋር ተደራርቦ ጠርዙን ያበላሸዋል። ይህ የሚወሰነው በጠርዙ ፍጥነት እንጂ በድግግሞሹ ስላልሆነ 12 ሜጋኸርዝ ዝቅተኛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። መፍትሔው በባፈሩ መውጫ አጠገብ በተከታታይ የሚገጠም ሬዚስተር ነው፤ ዋጋው የመስመሩ ኢምፔዳንስ (ለሚለዋወጥ ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ሲቀነስ የመውጫው ውስጣዊ ኢምፔዳንስ ነው። መስመሩ 50 ኦም፣ መውጫው 17 ኦም ቢሆን 33 ኦም ይገጠማል። የኤስአይ5351ኤ መውጫ ራሱ ወደ 50 ኦም ስለሚጠጋ ሬዚስተር ላያስፈልገው ይችላል፤ ቢሆንም ቦታውን ትቶ በዜሮ ኦም መሙላት በኋላ ለማስተካከል ዕድል ይሰጣል። የባፈርዎን ቁጥር ከዳታሺቱ ያንብቡ።

ከአንድ መውጫ አንድ ተቀባይ ብቻ ይነሣ። ከባፈር እስከ አራቱ መለወጫዎች የሚሄዱትን መስመሮች እኩል ርዝመት ይስጧቸው፤ የቅርቡን መስመር አጣጥፎ ማስረዘም ይሻላል እንጂ የሩቁን በአቋራጭ ለማሳጠር ሌላ ምልክት ማቋረጥ አይገባም። ከመስመሮቹ በታች ያለው የግራውንድ ንጣፍ ሳይቆረጥ ይቀጥል። በድምፅ ቦርድ ላይ የዲጂታሉን ግራውንድ ከአናሎጉ ለመለየት ንጣፉን ሰንጥቆ የክሎክ መስመሩን በስንጥቁ ላይ ማሳለፍ ብዙ ጊዜ ያየሁት ስሕተት ነው፤ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ መንገድ ሲያጣ ዞሮ ይሄድና ቦርዱን ሁሉ ይረብሻል። የማይጠቀሙባቸውን የባፈር መውጫዎች ምንም ሽቦ ሳይስሉባቸው ይተዉ፤ የባፈሩን መውጫዎች የሚከፍተውን የማስነሻ ፒን ግን ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይፍቀዱ።

ደረጃ 5፦ መበየድ

የጀነሬተሩ ፒኖች በግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት የተደረደሩ ስለሆኑ ያለ ፍለክስና ያለ ማጉያ መነጽር መሞከር ቺፕ ማባከን ነው። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል የሚጠግኑት ወጣቶች ሆት ኤር መሣሪያና ከዚህ የጠበቀ ሥራ የለመደ እጅ አላቸው፤ ማፈሪያ የለበትምና ለእነርሱ ሰጥቶ ማሠራት ይቻላል። ከተበየደ በኋላ ኃይል ሳይሰጡ በኃይል መስመሩና በግራውንድ መካከል፣ እንዲሁም በአጎራባች ፒኖች መካከል መገናኘት አለመኖሩን በመልቲሜትር ያረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ሬጅስተሮቹን መጻፍ

ማይክሮኮንትሮለሩ በራሱ ውስጣዊ ኦሲሌተር መነሣት አለበት። ጀነሬተሩ ገና ያልታዘዘ ስለሆነ ምት አያወጣም፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ለመነሣት የእርሱን ምት የሚጠብቅ ከሆነ ሁለቱም እርስ በርስ ሲጠባበቁ ቦርዱ ዝም ብሎ ይቀራል። በአይ ስኩዌር ሲ ሁለቱ መስመሮች ላይ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ይግጠሙ፤ 5 ቮልት የሚያወጣ ማይክሮኮንትሮለር ከሆነ የቮልቴጅ ማስማሚያ በመካከል ያስገቡ። የቺፑ አድራሻ በአስርዮሽ 96 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በአስርዮሽ የተጻፉ ናቸው።

ሬጅስተር ማለት በቺፑ ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት፣ ሁኔታውም የሚነበብበት ቁጥር ያለው የማስታወሻ ቦታ ነው። በመጀመሪያ ሬጅስተር 0ን ያንብቡ፤ 128ን የሚወክለው ላይኛው ቢት ዜሮ እስኪሆን ድረስ ይጠብቁ፣ ቺፑ ራሱን እያዘጋጀ ነውና። ከዚያ በሬጅስተር 3 ላይ 255 ጽፈው መውጫዎቹን ሁሉ ይዝጉ፤ በሬጅስተር 16፣ 17 እና 18 ላይም 128 ይጻፉ። በሬጅስተር 183 ላይ 210 መጻፍ የውስጡን ካፓሲተር 10 ፒኮፋራድ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ስሌቱ ይገባል። ለእያንዳንዱ ስምንት ባይት ነው፤ ቅደም ተከተሉም የፒ3 ሁለት ዝቅተኛ ባይቶች፣ የፒ1 ሦስት ባይቶች፣ የፒ3ና የፒ2 ላይኛ ቢቶች በአንድነት፣ በመጨረሻም የፒ2 ሁለት ዝቅተኛ ባይቶች ናቸው።

ፒኤልኤል ኤ፣ ከ26 እስከ 33፦ 2፣ 113፣ 0፣ 12፣ 190፣ 0፣ 2፣ 34
ፒኤልኤል ቢ፣ ከ34 እስከ 41፦ 0፣ 1፣ 0፣ 14፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0
መውጫ 0፣ ከ42 እስከ 49፦ 0፣ 1፣ 0፣ 28፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0
መውጫ 1፣ ከ50 እስከ 57፦ 0፣ 1፣ 0፣ 6፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0
መውጫ 2፣ ከ58 እስከ 65፦ 0፣ 1፣ 0፣ 38፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0

አሁን ሬጅስተር 16 ላይ 79 ይጻፉ፤ መውጫ 0 በሙሉ ቁጥር አካፋይ ከፒኤልኤል ኤ ይመገባል። በ17ና በ18 ላይ 111 ይጻፉ፤ እነዚህ ከፒኤልኤል ቢ ይወስዳሉ። ሬጅስተር 177 ላይ 172 መጻፍ ሁለቱንም ፒኤልኤሎች እንደገና ያስነሣል፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው አንዳንዴ የሚሠራ አንዳንዴም የማይሠራ ቦርድ ይገጥመዋል። በመጨረሻ ሬጅስተር 3 ላይ 248 ሲጻፍ ሦስቱ መውጫዎች ይከፈታሉ። ሬጅስተር 0ን መልሰው ያንብቡ፤ 64 እና 32ን የሚወክሉት ቢቶች ዜሮ ከሆኑ ፒኤልኤል ቢና ኤ ድግግሞሻቸውን ይዘዋል ማለት ነው። የኢተርኔቱንና የመለወጫዎቹን ሪሴት የሚለቁት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ

ቺፑ የተጻፈለትን የሚይዘው ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማይክሮኮንትሮለሩ በተነሣ ቁጥር ሁሉንም እንደገና መጻፍ አለበት። ይህን አውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። መብራት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ሲመለስ መቅረጫው በርቶ እያለ ምንም ድምፅ የማይቀርጽበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ሌሊትም ቅጂው ከመካከሉ ጠፋብኝ። ስመረምረው፣ ማይክሮኮንትሮለሩ በትልቅ ካፓሲተር ተደግፎ ሳይጠፋ ሲቆይ፣ በተለየ መስመር የሚመገበው ጀነሬተር ግን ቮልቴጁ ወርዶበት የተጻፈለትን ሁሉ ረስቶ ነበር። ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱ ስላልጠፋ እንደገና የሚጽፍበት ምክንያት አልታየውም።

ስለዚህ ሁለቱ ቺፖች ከአንድ የ3.3 ቮልት ምንጭ እንዲመገቡ ያድርጉ፤ የማይክሮኮንትሮለሩን የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሪሴትም ይክፈቱ። ከዚህ በተጨማሪ ፕሮግራሙ በየሰከንዱ ሬጅስተር 0ንና ሬጅስተር 45ን ያንብብ። ሬጅስተር 45 ላይ የጻፍነው 28 ካልተገኘ ቺፑ ረስቷል፤ መለወጫዎቹ በሪሴት ይያዙ፣ ደረጃ 6 ከመጀመሪያው ይደገም፣ የተቋረጠበትም ቅጽበት በቅጂው ፋይል ላይ ይመዝገብ። ይህ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ቦርድ ግን ከማናቸውም ውድ ቺፕ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ደረጃ 8፦ መለካት

ኦሲሎስኮፕ ሲጠቀሙ ስለ መሣሪያው ወሰን ይጠንቀቁ። 50 ሜጋኸርዝ ካሬ ምልክትን በቅርጹ ለማየት እስከ አምስተኛው ብዜት፣ ማለትም እስከ 250 ሜጋኸርዝ፣ የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል። በ100 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ላይ ያ ምልክት ክብ ክብ ብሎ ቢታይ ጥፋቱ የቦርዱ ላይሆን ይችላል። የፕሮቡን ረጅሙን የግራውንድ ሽቦ አውልቀው በአጭሩ ስፕሪንግ ይተኩ፤ ረጅሙ ሽቦ ራሱ በምልክቱ ላይ የሌለ መርገብገብ ይፈጥራል። የሚለካው በባፈሩ እግር ሥር ሳይሆን በተቀባዩ ፒን ላይ ነው። ጠርዙ በመሐል ላይ ደረጃ ሠርቶ ከታየ ሬዚስተሩን ይለውጡ፤ ከ3.3 ቮልት በላይ ዘሎ የሚርገበገብ ከሆነ ዋጋውን ይጨምሩ፣ ተጎትቶ የሚነሣ ከሆነ ይቀንሱ።

ድግግሞሹን በትክክል ለመለካት ርካሹ መንገድ በየሰከንዱ አንድ ምት የሚያወጣ የጂፒኤስ ሞጁል ነው። አንቴናው ሰማይ በሚያይበት ሰገነት ላይ ይቀመጥና ማይክሮኮንትሮለሩ በሁለት የጂፒኤስ ምቶች መካከል የ10 ሜጋኸርዙን ምት ይቁጠር። አንድ ቁጥር ስሕተት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 0.1 ፒፒኤም ነው፤ አሥር ሰከንድ ከተቆጠረ 0.01 ፒፒኤም ይደረሳል። ለምሳሌ 10,000,120 ቢቆጠር ክሪስታሉ በ12 ፒፒኤም ይፈጥናል፤ እውነተኛ ድግግሞሹም 25,000,300 ኸርዝ ነው። ሦስቱም መውጫዎች ከአንድ ክሪስታል ስለሚነሡ ይህ አንድ ልኬት ለሁሉም ይበቃል። ለ50 ሜጋኸርዝ 12 ፒፒኤም ከሚፈቀደው ውስጥ ስለሆነ እንዲሁ እተወዋለሁ፤ ለማስተካከል ስል ሙሉ ቁጥር የሆነውን ማባዣ ወደ ክፍልፋይ መለወጥ አልፈልግም። የፒኤልኤል ኤ ማባዣ ግን ቀድሞውኑ ክፍልፋይ ስላለው፣ የቅጂው ርዝመት ከሌላ መቅረጫ ጋር እንዲገጥም ከተፈለገ ስሌቱን በእውነተኛው ቁጥር ደግመው ይሥሩ።

ከዚያ ወደ መነሻው ችግር ይመለሱ። አራቱን ማይክሮፎኖች በአንድ ቦታ አስቀምጠው ቅጂ ይጀምሩና ፊት ለፊታቸው ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ሳያቋርጡ አንድ ሰዓት ቆይተው ከዚያው ቦታ እንደገና ያጨብጭቡ። በአራቱ ቅጂዎች ላይ ጭብጨባው የወደቀበትን የናሙና ቁጥር ያነጻጽሩ። በመጀመሪያው ጭብጨባ ላይ በቅጂዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት በሁለተኛው ላይም ያው መሆን አለበት፤ በአንዱ ቅጂ ላይ ብቻ ብዙ ናሙና ሸሽቶ ከተገኘ ያ መለወጫ የእኛን ምት ትቶ በሌላ ክሎክ እየሠራ ነውና የክሎክ መምረጫ ፒኑንና ከባፈሩ የሚመጣለትን መስመር ይመርምሩ።